አባት መሆን አለመሆኔን ለሚያውቁት ለክቡር ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ ለክቡር የደረቅ ሜዳ ወረዳዎች ጤና አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ ለምክትሎችዎና ለምክትሎችዎ ምክትሎች ሁሉ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። በዚህ በጥር ሙቀት የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ እንዳይታመምብዎም ከልቤ እጸልያለሁ። እኔ አንድ ነገር ካለማወቄ በቀር ደህና ነኝ።

ስሜ ክሌም ደንስተን ይባላል፤ ሚራንዲ ከተማ ዳር በግ አረባለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በሌኒ መጠጥ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ከፊቴ የኩልባ ወንዝ ድልድዩን ውጦ ተንጣሎ ይታየኛል። ከወንዙ ማዶ፣ ከሜዳውም ማዶ፣ እርስዎ በሚያስተዳድሩት ሆስፒታል ውስጥ ባለቤቴ ቴገን ተኝታለች። ትናንት የሐኪሞቹ አውሮፕላን ሲወስዳት የመጀመሪያ ልጃችን በሆዷ ነበር። ዛሬ ቴገን በሕይወት መኖሯን አላውቅም፤ አባት መሆን አለመሆኔንም አላውቅም። እርስዎ ወይም ከእርስዎ በታች ያለ አንድ ሰው ግን ያውቃል። እንግዲህ እስኪነገረኝ ድረስ ጊዜ ስላለኝ፣ ስላደረጉልን ሁሉ በየተራው ላመስግንዎ።

አንደኛ፣ የሚራንዲን ማዋለጃ ክፍል ስለዘጉልን አመሰግናለሁ። እኔ ራሴ የተወለድኩት እዚያ ነው፤ የክፍሉ ጥራት ዝቅተኛ እንደነበር እኔን ያየ ሁሉ ይመሰክራል። የላኩልን ጨዋ ሰው በስብሰባው ላይ "ውሳኔው ለእናቶች ደኅንነት ሲባል ነው" ብለው ሲያስረዱን መጀመሪያ አልገባንም ነበር። አሁን ገብቶናል፤ ማዋለጃ በሌለበት አገር ማዋለጃ ውስጥ የሚሞት ሰው አይኖርም። ክፍሉ ዛሬ የከተማው የገና ጌጣጌጥ ማስቀመጫ ሆኗል። እናቴ ያማጠችበት አልጋ ላይ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ የገና አባት በጀርባው ተኝቷል፤ ሆዱን ላየው ሰው ቦታው ይገባዋል።

ከክፍሉ ጋር አዋላጃችን ሲስተር ጆይስም ሄደች። ሲስተር ጆይስ እርጉዝ ሴት ሱቅ ውስጥ ካገኘች በዱቄትና በሳሙናው መካከል አስቁማ፣ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ አይታ፣ "ነገ ጠዋት ትመጫለሽ፤ ካልመጣሽ እኔ እመጣልሻለሁ" የምትል ሴት ነበረች። ይህ አሠራር ዘመናዊ እንዳልነበር እናምናለን።

ሁለተኛ፣ በሲስተር ጆይስ ምትክ ስለላኩልን የስልክ መተግበሪያ ምስጋናዬ ይድረስዎ። መተግበሪያው ልጃችን የትኛውን ፍሬ እንደሚያህል በየሳምንቱ ይነግረናል። ማንጎ አከለ፣ ቀጥሎ ፓፓያ አከለ። የሚራንዲ ሱቅ ከድንችና ከሽንኩርት ሌላ ስለማይይዝ ቴገን "በድንች ስንት ይሆናል?" እያለች ትጠይቀኝ ነበር። ከዚያ ውጪ ለሚቀርብለት ጥያቄ ሁሉ አንድ መልስ አለው፤ "አዋላጅ ነርስዎን ያነጋግሩ" ይላል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። እሱንም ለማንበብ ፒክአፑን የውሃ ማጠራቀሚያው ያለበት ጉብታ ላይ አውጥቶ፣ ከኋላው ላይ ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ መዘርጋት ያስፈልጋል። እኔ እየቆምኩ፣ ቴገን ከታች ወንበሯ ላይ ሆና "እግሬ እንደዚህ የሚያብጠው ደህና ነው ወይ በለው" እያለች ስንት ጊዜ ጠየቅነው። አዋላጃችንን እንድናነጋግር ነገረን።

እውነቱን ለመናገር ምክር አልጎደለብንም፤ የትኛው እውነት እንደሆነ የሚነግረን ነው የጎደለው። የቴገን አክስት ቤሪል "እጅሽን ከራስሽ በላይ ካነሳሽ እትብቱ አንገቱ ላይ ይጠመጠማል" ስላለች ልብስ ማስጣት የእኔ ሥራ ሆነ። ቴገንም "ይኼኛው ምክር በሳይንስ የተረጋገጠ ነው፣ አትከራከር" እያለች ከጥላው ሥር ታዘኝ ነበር። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሌኒ ደግሞ በየምሽቱ የሚለኝ አንድ ነው። "አንተ ሰውዬ ምን ያስጨንቅሃል? ዕድሜህን በሙሉ በግ ስታዋልድ ኖረህ። አፍንጫና ሁለት የፊት እግር ካየህ ሳብ ነው።" ቴገን ይህን ስትሰማ "ክሌም፣ እኔን ከሳብከኝ እረግጥሃለሁ፤ በግ ስትረግጥ ታውቃለህ አይደል?" አለችኝ። እንዲህ ነው ክቡር ሆይ፤ እኛ ዘንድ የማናውቀውን ነገር ሁሉ በበግ ነው የምናውቀው።

ሦስተኛ፣ በከተማው ቤተ መጻሕፍት በቴሌቪዥን መስኮት ስለተሰጠን የወላጅነት ትምህርት። የተማርነው እኛና ሌላ አንድ ባልና ሚስት ነበርን። አስተማሪዋ ከእናንተ ከተማ ሆና በደግ ፈገግታ "በአቅራቢያችሁ ያለውን ማዋለጃ ክፍል ቀድማችሁ ጎብኙ" አለችን፤ የገና አባቱን አስቀድመን ጎብኝተነው ነበር። ከዚያ አተነፋፈስ አሳየችን። ከዚያ ደግሞ ፊቷን ጠንከር አድርጋ "አሁን የምነግራችሁ ከሁሉም ይበልጣል፤ አየር ወደ ውስጥ ሳቡና አዳምጡኝ። እነዚህን ምልክቶች ካያችሁ አንድ ሰዓት እንኳ እንዳትቆዩ። የመጀመሪያው..." አለችና አፏን እንደከፈተች መስኮቱ ላይ ደርቃ ቀረች። እኛም የሳብነውን አየር ይዘን ቀረን፤ አስወጡ የሚለን አልነበረም። ቴገን "የመጀመሪያው ምልክት አፍ መክፈት ነው መሰለኝ" አለች፣ ሁላችንም ሳቅን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ። በማግስቱ ከቢሮዎ "ትምህርታችሁን በሚገባ አጠናቃችኋል" የሚል የደስታ መልእክት ደረሰን።

አራተኛ፣ ስለ ቦርሳው። ምጥ መንገድ ላይ ከመጣ ብላችሁ ፎጣ፣ ጓንት፣ የእትብት ማሰሪያና የላስቲክ ምንጣፍ የያዘ ሰማያዊ ቦርሳ ልካችሁልናል። ከእናንተ ከመጣው ሁሉ እውነቱን የተናገረው ቦርሳው ብቻ ስለሆነ እኔ በበኩሌ እወደዋለሁ። በውስጡ ካለው መመሪያ የመጀመሪያው "አይደንግጡ"፣ ሁለተኛው "አይሳቡ" የሚል ነው። ሌኒ አንብቦት ቅር ብሎታል።

አምስተኛውን የምታስታውሰው ቴገን ነበረች። ስትመጣ ትጨምርበታለች።

ከዚህ በኋላ ቁጥር መስጠቱ አስቸገረኝ፤ እንደሆነው ልንገርዎ። በደንባችሁ መሠረት የሚራንዲ ሴት የመውለጃዋ ጊዜ ሲቃረብ ከቤቷ ወጥታ፣ ከተማ ገብታ፣ በእንግዳ ማረፊያ ምጧን ትጠብቃለች። የቴገን ተራ ዛሬ ሰኞ ነበር፤ ሻንጣዋ በሩ ላይ ቆሟል። ወንዙ ግን ቅዳሜ ሞላ። ቀጠሮዋን አላስታወቃችሁትም መሰለኝ።

ትናንት ጠዋት ራሴን አመመኝ ብላ ተነሳች። ፊቷ አብጦ ነበር። ቁርስ ላይ ዓይኔ ውስጥ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር አለ አለችኝ፤ ስትቆም ተንገዳገደች። ፒክአፑን ይዤ ወደ ጉብታው በረርኩ። ስልኩን ስዘረጋው መተግበሪያው "እንኳን ደስ አላችሁ! ልጃችሁ በዚህ ሳምንት አናናስ አክሏል" አለኝ። ወደ መረጃ መስመራችሁ ደወልኩ፤ ረጅም ዘፈን ሰማሁና አንዲት ትሁት ልጅ "በአቅራቢያዎ ወዳለው ማዋለጃ ክፍል ይውሰዷት" ብላኝ መልካም ቀን ተመኘችልኝ።

ስመለስ ቤሪልና ሌኒ ቤት ደርሰው ነበር። ሦስታችንም ቴገንን አየናት፣ እርስ በርሳችንም ተያየን። መንታ ያረገዘች በግ ልትወልድ ስትል ራሷን ከጣለች፣ ዓይኗ ከፈዘዘና ከተንገዳገደች መድኃኒቱን ሚራንዲ ውስጥ የማያውቅ ሕፃን የለም፤ ጣፋጭ ነገር ማጠጣት ነው። ቤሪል "ያው እኮ ነው፤ ጉልበት አንሷት ነው" አለች። ለበጎቹ የምንሰጠውን ጥቁር የስኳር ዝቃጭ፣ ሞላሰሱን፣ በውሃ በጥብጠን ሰጠናት። ቴገን ኩባያውን ጨልጣ "ይጣፍጣል። ግን ክሌም፣ አንተን ሁለት ሆነህ ነው የማይህ፤ እኔ አንዱ ይበቃኛል" አለችኝ። ሌኒ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሁለተኛውን ኩባያ ልበጠብጥ ስል ስለ መጠኑ እርግጠኛ ስላልነበርኩ ጉብታው ላይ ተመልሼ ወጥቼ ለበጎቼ ሐኪም ለዶክተር ኖርማ ደወልኩ። ዶክተር ኖርማ ስልክ ታነሳለች። በጓ የቷ ናት ስትለኝ ቴገን ናት አልኳት። "ክሌም፣ ስማኝ። በግ ብትሆን ሞላሰሱን ስጣት እልህ ነበር። ቴገን በግ አይደለችም። ይሄ የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን ይችላል፤ ይገድላታል። ስልኩን ዝጋና አሁኑኑ አውሮፕላኑን ጥራ" አለችኝ። የቀረውን የትምህርታችሁን ክፍል ከእንስሳት ሐኪም የተማርኩት እንዲህ ነው።

አውሮፕላኑ መጣ፤ ለሱ ያለ ሽሙጥ አመሰግናለሁ። ነርሷ የቴገንን የደም ግፊት ለክታ ቀና ብላ አየችኝና "ራሷን ካመማት ስንት ሰዓት ሆነ? ሳትቆዩ ደውሉ ብሎ የነገራችሁ የለም?" አለችኝ። ሊነግሩን ሲሉ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ ልበላት? ሌላ በሽተኛ ጭነው ስለነበር ለእኔ ቦታ አልነበረም። ቴገን ቃሬዛው ላይ ሆና ዓይኗን እንደጨፈነች "ክሌም፣ የልጁን ልብስ ከገመዱ ላይ አውርደው፣ ሊዘንብ ነው" አለችኝ። ሌላ ነገር አላለችኝም። በሩ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ጉብታው ላይ እየወጣሁ ሆስፒታላችሁ ስደውል የምታነሳልኝ ሴት ጨዋነቷ ወደር የለውም።

"በወሊድ አጋዥነት የተመዘገቡት እርስዎ ነዎት?" ትለኛለች።

"ባሏ ነኝ።"

"እሺ፣ እንግዲያው የምስጢር ቃሉን ይንገሩኝ።"

"የቱን የምስጢር ቃል?"

"በትምህርቱ መጨረሻ ላይ ለሁላችሁም የተሰጣችሁን።"

መስኮቱ ደርቆ መቅረቱን ነገርኳት። ትምህርቱን እንዳጠናቀቅኩ መዝገቡ እንደሚያሳይ ነገረችኝ። ለመንኳት። ያለ ምስጢር ቃሉ በስልክ መናገር ክልክል መሆኑን፣ መታወቂያዬን ይዤ በአካል ብመጣ ግን ደስ እንደሚላቸው አስረዳችኝ። ወንዙን ነገርኳት። "አዝናለሁ" አለችኝ፤ ማዘኗንም አልጠራጠርም። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ዝም ብዬ "ፓፓያ" አልኳት። አይደለም አለችኝ። ዶክተር ኖርማም ደውላላቸው ነበር፤ ዘመድ አይደለሽም አሏት።

ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። ሌላ የሚያምር ቃል ፈልጌ አጣሁ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይላሉ፤ እኔ ግን ወድጄ ነው ያገባሁት፣ ችግሩን ያመጣችሁልን እናንተ ናችሁ። ሰማያዊው ቦርሳ ጉልበቴ ላይ ተቀምጧል፤ እሷ እዚያ፣ ፎጣው እዚህ። ቤሪል ከጎኔ ተቀምጣ "ሞላሰሱን እኔ ነኝ ያልኩህ" እያለች ታለቅሳለች። ጎድቷት ይሆን ወይ ብዬ የምጠይቀው ሰው እንኳ የለኝም። ወንዙ ሲጎድል አያለሁ ብዬ ውሃው ዳር ድንጋይ አስቀምጬ ነበር፤ ድንጋዩ አሁን አይታየኝም።

እንግዲህ ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩብዎ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ የገና አባታችን በሰላም እንዲገላገል፣ እርስዎም ማዕረግዎ ከፍ ብሎ ከዚህ የባሰ ሰፊ አገር እንዲያስተዳድሩ እየተመኘሁ፣ ትምህርቱን በሚገባ ያጠናቀቅኩ፣ የምስጢር ቃል የሌለኝ፣ ትሁት ተገልጋይዎ ሆኜ እሰናበታለሁ።

ክሌም ደንስተን፣ ሚራንዲ፣ ከወንዙ ወዲህ

ያልጨረስኩት፦ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ፣ ግልባጩንም ለጋዜጣ ልልክ ጉብታው ላይ ስወጣ ከቢሮዎ አንድ መልእክት ገባልኝ። እንዲህ ይላል፦ "ውድ ወላጅ፣ ለወሊድ ዝግጅት ባገኙት መረጃና ድጋፍ ምን ያህል ረክተዋል? ከአንድ እስከ አምስት ባለው ቁጥር ይመልሱ።" አምስት ብዬ መልሻለሁ፤ ከዚያ በላይ ቢኖርም እሰጥ ነበር። አሁን እርስዎ አንድ ነገር ይመልሱልኝ። "ወላጅ" ያላችሁኝ አውቃችሁ ነው ወይስ ለሁሉም ሰው የምትልኩት ነው? ቴገን በሕይወት ካለች ደግሞ የልጁን ልብስ ሳይዘንብበት ማውረዴን ንገሯት። ይህን ለመንገር የምስጢር ቃል የሚያስፈልግ አይመስለኝም።