ከአሸንዳው ሥር ያለው በረዶ

ይድረስ ለልጄ ለልዕልት፣ ካልጋሪ። እመብርሃን አንቺንም ቤትሽ ለሰው የምትጠብቂያቸውን ሕፃናትም ከክፉ ትሰውርልኝ። እኔ ዌስት አዳምስ ቤቴ በደህና ገብቻለሁ። የቀኝ እጄ ጀሶ ስላልተፈታ ይህን የምጽፈው በግራዬ ነው። ፌርፋክስ፣ ሐበሻው ሰፈር፣ የሚያገኙኝ ሁሉ ምን ሆንሽ ሲሉኝ በረዶ አዳለጠኝ እላለሁ፤ ሌላውን አልነግራቸውም።

ከአሸንዳው የሚንጠባጠበው ውሃ ደጅሽ ያለው የመኪና መግቢያ፣ ድራይቭዌዩ ላይ እየረጋ መስታወት እንደሚሆን ለባልሽ ለየማነ ነግሬው ነበር። «ኦኬ እማዬ፣ ጨው እበትንበታለሁ» አለኝ፤ አልበተነም። ያን ጠዋት ከምትጠብቂያቸው አንዷን ሕፃን ከእናቷ ተቀብዬ ስገባ አዳለጠኝ። ልጅቷን ደረቴ ላይ ይዤ በእጄ ላይ ወደቅሁ። እሷ ጭረት እንኳ አልነካትም።

እናቷ ደንግጣ «ማናት?» ብትልሽ፣ «አዲስ ሠራተኛ ናት፣ በረዶ አታውቅም» አልሻት። እናቴ እንግሊዝኛው አይገባትም ብለሽ ይሆናል። ይቺን ያህል ይገባኛል። ያልተመዘገበ ሰው ሕፃን ያዘ ብለው ላይሰንስሽን፣ የሥራ ፈቃድሽን፣ እንዳይነጥቁሽ ፈርተሽ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ልቤ ግን አልሽር አለኝ።

አሁንም ልጆቹ ሳይመጡ በረዶውን ፍቂው፣ አሸዋም ጨምሪበት። አሸንዳውንም አስጠግኚ። አምላክ ቤትሽን በሰላም ይሙላው። ያቺን ሴትዮ፣ የሕፃኗን እናት፣ ስታገኚያት፣ እባክሽ፣ የወደቀችው ማን እንደሆነች ንገሪያት።

እናትሽ ፀሐይነሽ