እስከ አስር መቁጠር

ሰኞ

ሦስት ላይ እንኳ አልደረስኩም። ጠዋት ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች «ስትናደዱ ከመናገራችሁ በፊት እስከ አስር ቁጠሩ» ብዬ አስተማርኩ። ከሰዓት ሐይቅ መናኸሪያ በር ላይ ታናሽ ወንድሜን ሰይድን በተሳፋሪዎቹ ፊት ጮህኩበት። ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። ሐኪሙ የደም ግፊትህ ከፍተኛ ነው፣ ጫት ተው፣ ኪኒንህን በየቀኑ ዋጥ ካለው ገና ወሩ ነው። ለካ ኪኒኑን ትቶታል። ለምን ስለው የጫት ምርቃናዬን ያጠፋብኛል አለኝ።

«እንደ አባ ወድቀህ ልትቀር ነው?» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። ባጃጁን አስነስቶ ወደ ውጫሌ ከነፈ። ኋላ የተቀመጡት አንዲት እናት ቀስ በል ልጄ ሲሉት ሰማሁ። አባታችንን ግፊት ጥሎ የገደለው በሰይድ ዕድሜ ሳለ ነው። ይህን እያወቅኩ ነው እንደዚያ ያልኩት።

ማክሰኞ

ሰይድ አይቶኝ አለፈ። ይቅርታ ልለው ሦስት ዓይነት ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሦስቱም ምክር ሆነው ነው የሚያልቁት። ክፍል ውስጥ አንዷ ተማሪ፣ ቲቸር እርስዎ ተናደው ያውቃሉ ወይ አለችኝ። አልፎ አልፎ አልኳት። ዋሸሁ።

ረቡዕ

እማ መላ አገኘች፤ ነገ ቤታችን ሰው ተሰብስቦ ለሰይድ ጤና ዱአ ይደረጋል። ደስ አለኝ። ሰይድ ዱአውን የሚያደርጉትን የሰፈራችንን ሼህ ያከብራል፣ እኔን እህቱን እንቢ ቢል እሳቸውን እንቢ አይልም። ዳቦና ስኳር የእኔ ነው፣ ምንጣፉን እማ ከጎረቤት ታመጣለች፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ይመጣሉ። ሌላውን ነገር አልጠየቅኩም።

ሐሙስ

ጫቱ ቤቱ መሐል ተዘርግቶ ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። በእኛ ቤት ያለ ጫት ዱአ ተደርጎ አያውቅም፤ እኔ ራሴ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳቀርብ ኖሬያለሁ። እንዴት ረሳሁት?

ሼሁ አላህ ከበሽታ ይጠብቅህ አሉት፣ ሁላችንም አሚን አልን። ከዚያ ከጫቱ ለምለም ለምለሙን መርጠው ለሰይድ ዘረጉለት፣ የበረካ ነው ብለው። የመራቂ እጅ አይመለስም። ሰይድ በሁለት እጁ ተቀበለና ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ነገር እንድል የጠበቀ መሰለኝ። አቀረቀርኩ። ግማሹን ቃመ፣ ግማሹን ጃኬቱ ኪስ ከተተ።

ዓርብ

እማ ላይ ጮህኩ። በጫት የታመመን ልጅ በጫት ታስመርቂያለሽ አልኳት። «ያለ ጫት የሚደረግ ዱአ እኔ ከየት አውቄ?» ብላ አለቀሰች። እውነቷን ነው። በአንድ ሳምንት ሁለት ሰው አስከፋሁ፤ ስሜትን ስለ መግዛት የማስተምረው ደግሞ እኔ ነኝ።

ቅዳሜ

ረፋዱ ላይ ሰይድ ከውጫሌ ተመልሶ መጣ፣ ሸሚዙ ፊት ለፊቱ ደም ነው። መሪ ይዞ ሳለ ነው አፍንጫው የነሰረው። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። አልኩህ አይደል የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ በሆዴ መቁጠር ጀመርኩ። ሰባት ላይ ራሱ ተናገረ።

«እታለም፣ አባም እኮ በየቀኑ ይውጥ ነበር። ኪኒኑን ሳየው እሱ ነው የሚመጣብኝ። ስቅም ነው የምረሳው።»

ፈርተሃል ወይ አልኩት። አዎ አለ። እኔም አልኩት። ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ግፊቱ አሁንም አልወረደም፣ ኪኒኑን እንደገና ጀምር አሉት።

እሁድ

ከቁርስ በኋላ ኪኒኑን እፊቴ ዋጠው፣ ዓይኑን ጨፍኖ። የሐሙሱ ጫት ጠውልጎ አሁንም ኪሱ ውስጥ አለ። ጣለው አላልኩትም፣ እሱም አልጣለውም። ወደ ባጃጁ ሲወጣ ነገም ስውጥ አጠገቤ ሁኚ አለኝ። እሺ አልኩት። ሌላ የምችለው ነገር የለም።