ዓሣውን ሳይገድሉ ሆዱን ያዩት የእትዬ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ከዓሣ አጥማጅ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ወንዝ ዳር ባለ ሰፈር ተወለዱ። የቤቱ በኩር ስለነበሩ ታናናሾቻቸው «እትዬ» አሏቸው፤ ሰፈርተኛውም በዚያው ቀጠለ። ኮሪደሩ ላይ መረብ ይሰቀል ስለነበር ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጎንበስ ብለው ነበር የሚገቡት።

በ1969 ዓ.ም. በሥነ ሕይወት ትምህርት ተመርቀው በዓሣ ምርምር ጣቢያ ተቀጠሩ። በዚያ ወንዝ ብቻ የሚገኘው ጢማሙ ዓሣ ምን እንደሚበላና ቁመቱ ለምን እያጠረ እንደመጣ ማጥናት የዕድሜ ልክ ሥራቸው ሆነ። ያኔ የዓሣ ምግብ የሚታወቀው ሆዱ ተቀዶ ነበር። እሳቸው ግን «እያለቀ ያለን ነገር እያረድን አናድነውም» ብለው፣ በቀጭን ቱቦ ውሃ እየሰደዱ የበላውን ያስተፉት፣ ለክተውና መዝነው ይለቁት ነበር። ባልደረቦቻቸው «ሆድ ፈታሿ» ቢሏቸው ስልክ ሲያነሱ ራሳቸውም «ሆድ ፈታሿ ነኝ» ይሉ ጀመር።

በ1972 ዓ.ም. የጣቢያውን የጀልባ መካኒክ አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

ጥናታቸው ምግቡ እንዳልጠፋ አሳየ። ትልልቆቹ ዓሦች እየሰባበሩ የሚበሉት ቀንድ አውጣ ሞልቷል፤ የጠፉት ትልልቆቹ ናቸው፤ ትንንሾቹን ሳያድጉና ዘር ሳይተኩ መረብ ይለቅማቸዋል። በ1985 ዓ.ም. በአጥማጆች ስብሰባ ላይ፣ በመራቢያው ወራት መረብ ከወንዙ እንዲወጣ ጠየቁ። አባታቸው ከመሐል ተነሡ።

«ያሳደገሽ ይኸው መረብ ነው!»

«አውቃለሁ፣ አባባ። ለዚህ ነው የምለምንዎት።»

አባት ጥለው ወጡ። ከዚያ ወዲያ እትዬ እናታቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ ወጥ ቤት ተቀምጠው፣ የአባታቸውን ሳል ከጓዳ እየሰሙ ይመለሱ ነበር። ይህ ቅያሜ ከሁሉ በላይ ጎዳቸው። አንድ ጠዋት ግን ሽማግሌው በርጥብ ጆንያ ትልቅ ዓሣ ይዘው፣ እያለከለኩ ጣቢያው ደረሱ። «ሳይሞት ቶሎ በይ! የበላውን እዪና መልሺው» አሉ። በቀጣዩ የመራቢያ ወቅት መረባቸውን ቀድመው ያነሡት እሳቸው ነበሩ።

እትዬ ጡረታ ከወጡ በኋላ በጉበት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። በመጨረሻው ሳምንት አንዲት ባልደረባቸው ሆስፒታል መጥታ፣ እንቁላል ያዘለች ትልቅ ዓሣ ለክተው እንደለቀቁ ነገረቻቸው። ራሳቸው እህል መቅመስ ያቃታቸው እትዬ ቀና ብለው «በልታ ነበር?» አሉ።

ግንቦት 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው ከታናናሾቻቸው ጋር ቆመው ይሸኟቸዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከድካማቸው ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ሐዘኑን የምንሸከምበት ጉልበት ይስጠን።