ሦስት ከተማ የታየው በሬ

አዳማ፣ ጥር 1921 ዓ.ም.

ውድ ደሊል፣

ጤናህን የምጠይቅህ ከልቤ ነው። ይህን አንብበህ እስክትጨርስ ጤና ያስፈልግሃል።

የልጅ ልጄን ዙለይካን ልታገባ ሽማግሌ የላክህ ጊዜ፣ «ሞጆ፣ ወለንጪቲና ዴራ ሦስት መንጋ አለኝ» አልህ። እኔም ለየቦታው አንድ አንድ ሰው ልላክ ስል፣ «ባንድ ቀን አይምጡብኝ፣ እረኞቼ ይደናገጣሉ» ብለህ ቀን ከፋፈልህልኝ። ምን ያለ ለእረኛ አሳቢ ነው አልሁ!

ሰዎቼን ሰብስቤ ብሰማቸው ኖሮ፣ አንዱ ያንዱን እያነሳ ሀብታም ባደረጉህ ነበር። ለየብቻ ጠየቅኋቸው። ብዛቱንም አላነሳሁም። ሁንዴን ከወለንጪቲ እንደገባ፣ «የሚያስቅ ከብት አላየህም?» አልሁት።

«ኧረ ኦቦ ጂብሪል፣ አንድ በሬ አለ! ግራ ቀንዱ የተሰበረ፣ ሰው ባየ ቁጥር ምላሱን የሚያወጣ።»

ኑሬ ከሞጆ መጣ፤ ግራ ቀንድ፣ ምላስ። ዴራ የሄደውም ያንኑ። ሦስት መንጋ ልደምር ተቀምጬ አንድ መንጋ እጄ ላይ ቀረ፤ እሱም መንገደኛ። ባቡሩ እንኳ ዴራ አይደርስም፣ ደሊል!

እስከዚህ ድረስ ስቄ ባለፍሁት ነበር። ያ ቀንድ ግን የተሰበረው መልካሳ ካለው እርሻዬ በር ላይ ነው። ሰዎቼ በሬውን አያውቁትም፤ ካንተ በፊት ማንም አገር አላስጎበኘውም። እርሻዬን የያዘልኝ ሰው «ከብቶቹ የኔ ናቸው» ብሎ አከራየህ። የኔን ከብት ለኔው ሰዎች አሳይተህ የልጄን ልጅ ልትወስድ!

ዙለይካ አልቅሳለች፣ አልደብቅህም። «አባባ፣ እኔ በሬውን ላግባ አልሁዎ?» አለችኝ።

«እኔም ከብት አልጠየቅሁትም። ባዶ እጄን ነኝ ቢል ኖሮ እሰጠው ነበር» አልኋት።

እውነቴን ነው። እሱን እያሰብህ እደር።

ባቡር ጣቢያው ላይ ጨው የሚያወርደውን፣ እሱም ዙለይካን የጠየቀኝን አብዱልጀባርን፣ «ምን አለህ?» ስለው «ትከሻ» አለኝ። የጣቢያ ሰው ጠየቅሁ፣ ጎረቤቱን ጠየቅሁ፣ የሚጠላውንም አልተውሁ። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች ያችኑ ትከሻ መሰከሩለት። ዙለይካም ቀና ሳትል «እሺ» ብላለች።

የሁለቱ ኒካ የፊታችን እሑድ ነው። አዲስ ልብስ አሰፍተሃል አሉ፤ ለብሰኸው ና። የሚታረደው ያው በሬ ነው። ሲጣል ያዥ ያስፈልጋል፣ ካንተ በላይ ደግሞ የሚያውቀው የለም። የቀረችለትን ቀንድ አንተ ትይዝልናለህ።

የዙለይካ አያት፣ የበሬውም ባለቤት፣
ጂብሪል