ሦስት ጊዜ መቶ ሠላሳ ሁለት

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ
ካሉበት

ጉዳዩ፦ በሦስት ቀን ውስጥ እንድሰጥ የታዘዝኩትን የጽሑፍ ማብራሪያ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎም ቤተሰብዎም ደህና ትሆኑ ዘንድ እመኛለሁ፤ በተለይ የጆሮዎ ጤና ያሳስበኛልና እሱን ፈጣሪ አብዝቶ ይጠብቅልዎ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ በጸሐፊዎ በኩል ማስገባት ሲገባኝ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላልና፣ ግቢው ሁሉ የሚያወራውን እርስዎ ብቻ ሳይሰሙ ቢቀሩ ያሳዝነኛል ብዬ ነው።

እኔ በማዋለጃ ክፍሉ አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ባለፈው ሳምንት በጻፉልኝ ደብዳቤ፣ ምጥ የረዘመባትን እናት በአምቡላንስ ይዤ ወደ ሆስፒታል ስሄድ የፅንሱን የልብ ምት በየሩብ ሰዓቱ ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር፣ መቶ ሠላሳ ሁለት፣ መቶ ሠላሳ ሁለት፣ መቶ ሠላሳ ሁለት ብዬ መሙላቴን ጠቅሰው፣ “ሳታዳምጥ ከጭንቅላቷ ፈጥራ ለመሙላቷ ቁጥሮቹ ራሳቸው ምስክር ናቸው” ብለዋል። ሕፃኑ ሲወለድ ትንፋሽ አልነበረውም፤ ሐኪሞቹ አሥር ደቂቃ ታግለው ነው ያስተነፈሱት። ማብራሪያዬ ካላጠገበዎ የሙያ ፈቃዴ እንዲነጠቅ እንደሚጽፉ አስታውቀውኛል። ወደ ማብራሪያው ከመግባቴ በፊት ግን ያደረጉልንን ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አምቡላንሱ ቴፕ አመሰግናለሁ። መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ቴፕ ድምፁ የታፈነ መሆኑን በስብሰባ ላይ በዚያ ሁሉ ምሬት ሲናገሩ፣ የጓንት እጥረት ልናነሳ እጃችንን አውጥተን የነበርን ሰዎች አፍረን እጃችንን አወረድን። በሳምንቱ በየበሩ አዲስ ስፒከር፣ ከሹፌሩ ወንበር ሥር ሁለት አምፕሊፋየር፣ ከበሽተኛው አልጋ ሥር ደግሞ የሕፃን አልጋ የሚያክል የቤዝ ሳጥን ተገጠመ። ቃለ ጉባዔው “ለታካሚዎች የሥነ ልቦና ምቾት ሲባል” ይላል። ምጥ የያዛት ሴት ከወገቧ ሥር የሚደልቅ ነገር እንደምትናፍቅ እስከ ዛሬ አለማወቄ የእኔ ድንቁርና ነው። መኪናው ቅዳሜና እሁድ የወዳጆችዎን ሠርግ ሲያጅብ ታካሚው የቱ እንደሆነ ግን እስካሁን አልተገለጸልኝም።

ሁለተኛ፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩ። ሳጥኑ የገባው እሱ በነበረበት ቦታ ስለሆነ፣ ሲሊንደሩ ዛሬ በቢሮዎ ጥግ ከአበባ ማስቀመጫው ጎን ቆሟል። አበባው ፕላስቲክ ባይሆን ኖሮ ቢያንስ አንድ ተጠቃሚ ይገኝ ነበር።

ሦስተኛው ረዘም ይላልና ይታገሡኝ። መሣሪያውን የገጠመልዎ ባለሙያ፣ አዲስ ስፒከር እንደ አዲስ ድስት መሟሸት አለበት፣ ሃምሳ ሰዓት ካልደለቀ ሰውነቱ አይፈታም ብሎ አሳመነዎ፤ ለዚሁ የሚሆን፣ ከዳር እስከ ዳር ያው አንድ ምት ብቻ የሚመታበት፣ ዘፈን እንኳ የማይባል ፍላሽ ሰጠዎ። እርስዎም ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ይከፈት ብለው ለሹፌራችን በጽሑፍ አዘዙ፤ ሰዓቱን የሚመዘግብበት ደብተርም ሰጡት። በዚህ ቤት የበሽተኛ ትኩሳት ሳይመዘገብ የሚያድርበት ቀን አለ። የማሟሻው ደብተር ግን አንድ መስመር አልተዘለለበትም።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ እናቲቱን አሳፍረን ወጣን። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ዝምተኛ ናት፤ ምጡ ሲመጣ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ጥርሷን ትነክሳለች እንጂ አትጮኽም። እኔም በሹፌሩና በእኛ መካከል ያለችውን መስኮት አንኳኩቼ፣ ወንድሜ፣ የልጁን ልብ ልሰማ ነውና እባክህ ይህን ነገር ዝጋልኝ አልኩት። ሹፌሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ትእዛዝ የሚፈራ የልጆች አባት ነው። ለእኔ ሲል የበሮቹን ስፒከሮች ዘጋ፤ ለእርስዎ ደብተር ሲል ደግሞ ከአልጋው ሥር ያለውን ቤዝ ዝቅ አድርጎ ተወው። ከመንገዱና ከሞተሩ ጩኸት በቀር ለጆሮ የሚሰማ ነገር አልቀረም። የዘጋልኝ መስሎኝ ተባረክ ብዬ መረቅሁት።

ከዚያ ማዳመጫዬን ሆዷ ላይ አሳረፍኩ። እርስዎ የአስተዳደር ሰው ስለሆኑ ላያውቋት ይችላሉ፤ ትንሽ ጥሩምባ የምትመስል፣ ባትሪም ሽቦም የሌላት፣ አንዱን ጫፍ ሆድ ላይ ሌላውን ጆሯችን ላይ አድርገን የምንሰማባት ዕቃ ናት። ምቱን ወዲያው አገኘሁት፤ ዱብ ዱብ ይላል፣ ጥርት ብሎ። ሰዓቴን ይዤ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርኩ። መቶ ሠላሳ ሁለት፣ የደህና ልጅ ምት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ብቆጥር ያው፣ ደግሜ ብቆጥርም ያው ሆነ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ማንም ሳያስገድደኝ እጽፋለሁ። የልጅ ልብ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ምጡ ሲበረታ ይወርዳል፣ እናቱ ስታርፍ ይመለሳል። ዝንፍ የማይል ምት ሲገጥማችሁ ጠርጥሩ እያልኩ አዳዲስ አዋላጆችን የማስተምረው እኔው ራሴ ነኝ። ያን ቀን ግን ደስ ብሎኝ ነበርና አልጠረጠርኩም፤ ለዚህ ራሴን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

በነጋታው ሹፌሩ ማሟሻውን ከፍቶ መኪናውን ሲያጥብ ደረስኩ። ባዶው አልጋ ላይ እጄን ባሳርፍ ፍራሹ ይመታል። ማዳመጫዬን አምጥቼ ፍራሹ ላይ አስቀመጥኩና ቆጠርኩ፤ መቶ ሠላሳ ሁለት። እንኳን ደስ ያለዎ፣ የጤና ጣቢያችን ፍራሽ በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል። ሹፌሩ ደብተሩን ዘርግቶ ሰጠኝ፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት “ቤዝ ብቻ፣ ሃምሳ ደቂቃ” ይላል፣ ከሥሩም የእርስዎ ፊርማ አለበት። ቅጂውን ከዚህ ደብዳቤ ጎን ለጥፌዋለሁ።

እንግዲህ ማብራሪያዬ ይህ ነው። ቁጥሮቹን አልፈጠርኳቸውም። በጥንቃቄ ሰምቼ፣ በጥንቃቄ ቆጥሬ፣ የእርስዎን ስፒከር በልጁ ስም መዝግቤያለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእርስዎ ነው ብል ከአክብሮት መጉደል ይሆንብኛልና አልልም።

በደብዳቤዎ መጨረሻ ቅጹን አርሜ ትክክለኛውን ቁጥር እንድሞላም አዘዋል። ክቡር ሆይ፣ ትክክለኛውን ቁጥር የሚያውቅ ሰው የለም። ያ ልብ በየትኛው መታጠፊያ ላይ መድከም እንደጀመረ፣ ሰምቼው ቢሆን እናቲቱን በጎኗ አስተኝቼ፣ ሹፌሩን አፍጥን ብዬ ምን ላተርፍ እችል እንደነበር እኔም አላውቅም፣ እርስዎም አያውቁም። ስለዚህ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ። የማውቀው፣ ሦስተኛውን ቆጥሬ ቀና ስል እናቲቱ ዓይን ዓይኔን ታየኝ እንደነበር ነው። አይዞሽ፣ ልጅሽ እንደ ሰዓት ነው የሚመታው አልኳት። ተመስገን ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ፈቃዴን ለማስነጠቅ የጀመሩት ድካም ፍሬ አልባ እንዳይሆንብዎ እየጸለይኩ፣ ላሳዩን አርቆ አሳቢነት ወደር የሌለው ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ከወንበርዎ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

በሥርዎ የምገኘው፣ እስከ ውሳኔዎ ቀን ድረስ
አዋላጅ ነርስ

ግልባጭ፦
ለማዋለጃ ክፍሉ ባልደረቦቼ
ወረፋ ለሚጠብቁ እናቶች በሙሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጁ እስካሁን ጡት መሳብ አልቻለም፤ በቱቦ ነው የሚመገበው። እናቱ የልጄ ልብ ያን ጊዜ ስንት ነበር እያለች በየቀኑ ትጠይቀኛለች። እኔ መልስ ስለሌለኝ ወደ እርስዎ ልኬያታለሁና ሰኞ ጠዋት ቢሮዎ ትመጣለች። ድምጿ በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ የምትለውን እንዲሰሟት ግቢው ውስጥ ያለውን መኪና አስቀድመው ያስጠፉላት።