ጋጣው እንግዳ ተቀበለ

ለተከበሩ እናቴ፣
አረርቲ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎን የአረርቲ ፀሐይ አሞቀልዎ? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? ልጅዎ ሸዋዬና ልጆቿ እንዴት ናቸው? እኔ እመብርሃን ትመስገን ደህና ነኝ። የአንኮበር ጭጋግ እንደሚያውቁት ነው፤ ጠዋት በር ስከፍት ደጃፌ ቆሞ አገኘዋለሁ፣ እስከ ረፋድም አብሮኝ ይቆያል። ይህን ደብዳቤ መነጽርዎን አድርገው ራስዎ ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ሸዋዬ ካነበበችልዎ እሷም ታፍራለች፣ እኔም አፍራለሁ።

ልጅዎ ተስፋሚካኤል፣ ባለቤቴ፣ ያረፈ ጊዜ ያሉኝን አልረሳሁም። ከቀብር መልስ ጋጣው ፊት ቆመው፣ «በሬዎቹን ሽጫቸው። ይሄም ይፍረስ፤ እሱ የማይገባበት ቤት ለማን ነው?» ብለውኝ ነበር። ከዚያ ወደ ሸዋዬ ወረዱ። እኔም ዝም ብዬ ተውኩት። የክዳኑ ሣር በሰበሰ፣ በላዩም ሌላ ሣር በቀለበት። ያለፈው ክረምት ግን በጓሮ በኩል ያለው ጣራ ወደ ውስጥ ሰመጠ፤ ዝናቡ በግድግዳው ሲወርድ ቆሜ ሳይ ተስፋሚካኤልን ዳግመኛ የምቀብረው መሰለኝ። ቅር አይበሉኝ፣ ሳልጠይቅዎ ጋጣውን መልሼ አሠራሁት።

አሁን ወፍና ተራራ ለማየት የሚመጡ ሰዎች የሚያድሩበት ቤት ሆኗል። ድንጋዩ የዱሮው ድንጋይ ነው። ጣራውን መልሰን በሣር ከደንነው፣ ከሣሩ ሥር የበግ ጠጉር ጠቀጠቅንበት፤ ውስጡ ከብቶቹ የነበሩ ጊዜ እንደሚሞቀው ይሞቃል። የመብራት መስመር እኛ ዘንድ አልደረሰም፤ ፀሐይዋ በሶላር ትበቃናለች። ከኩሽናው ቆርቆሮ የሚወርደው ዝናብ በአሸንዳ ወደ ሮቶ ይገባል። ሽንት ቤቱ ውኃ አይፈልግም፣ አመድ ይነሰነስበታል፤ ሲከርም ለዛፉ ማዳበሪያ ይሆናል።

ሶላሩን የገጠመው ሠረቀብርሃን የሚባል ሰው ነው። አገሩ ጎጃም ነው፤ ደብረ ብርሃን ለሥራ መጥቶ ብቻውን እየኖረ እዚያው ቀረ። አንድ ቀን ግንበኛው ገብረአማኑኤል የውስጡን ምርጊት ፍቆ በሲሚንቶ ሊለስን መዶሻውን አነሣ። በምሥራቅ በኩል ያለውን ግድግዳ ያስታውሱታል፣ በእበትና በጭድ የለቀለቁትን? የጣቶችዎ መስመር እንደ ትልም እስከ ዛሬ አለ። ሠረቀብርሃን የግንበኛውን ክንድ ያዘና የማን እጅ እንደሆነ ጠየቀኝ። የአማቴ ነው አልኩት፤ ዝቅ ብላ የምትታየው ትንሿ መዳፍ ደግሞ የባለቤቴ ሳትሆን አትቀርም፣ ልጅ ሆኖ እናቱን ሲያግዝ።

ግንበኛው አሮጌ ነገር ለእንግዳ አያምርም ብሎ ተከራከረ። ሠረቀብርሃን ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «እኔ መብራት ላስገባ ነው የመጣሁት፤ ማንንም ላስወጣ አይደለም» አለው። ያን ቀን ወደ ኩሽና ገብቼ ለብቻዬ አለቀስኩ። ስመለስ ከጣራው ሊሰቅለው የነበረውን አምፖል አውርዶ ከግድግዳው ግርጌ አድርጎት አገኘሁ። ሲበራ ጣቶችዎ ከጭቃው ብቅ ይላሉ፣ ግድግዳው ቀስ ብሎ የሚተነፍስ ይመስላል።

የመጀመሪያዋ እንግዳችን ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ሴት ነበረች። ጠዋት ጭጋጉ ውስጥ ባናዋን ተከናንባ ወጣችና እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። «በሬዎቹ ሲያመሰኩ ስሰማ ነው ያንቀላፋሁት፤ የት ነው የምታስሯቸው?» አለችኝ። በሬ ከዚህ ቤት ከወጣ ዓመታት ማለፋቸውን አልነገርኳትም። ከዚያ ጎን ናቸው ብዬ ወደ ጭጋጉ ጠቆምኳት። ዋሸሁ አልልም፤ እኔም አንዳንዴ እሰማቸዋለሁ።

ዳር ያለችውን ክፍል ለእንግዳ አላከራያትም። ፀሐይ ቀድማ የምትገባው እዚያ ነው። አልጋዋ ዝቅ ያለች ናት፣ ለጉልበትዎ።

ሥራው ካለቀ ቆየ። ሠረቀብርሃን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ባትሪውን ልየው ይላል፤ ባትሪው ምንም አልሆነም። በቀደም ከሮቶው ውኃ ስቀዳ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ጆጎው ሞልቶ ሲፈስ ቧንቧውን ዘጋሁና፣ «እናት አሉኝ፣ አረርቲ ናቸው» አልኩት። ሌላ መልስ አልሰጠሁትም። እሱም፣ ለእርስዎ የሚላክ ደብዳቤ ካለ እሱ ራሱ ያደርሳል አለኝ።

እነሆ ልኬዋለሁ። እንደ ልማድዎ እህል ያቅምሱት፣ ደህና አድርገው ይዩት። እኔን ለማስደሰት ብለው ምንም አይበሉት። ሰውየው ልብዎ ካልገባ፣ ደብዳቤው ደረሰኝ ብለው ብቻ ይመልሱት፤ ይገባኛል። ቅሬታ አይኖረኝም፣ እርስዎን መጠየቄንም አልተውም። ልብዎ ከገባ ግን አብረውት ይምጡ። አልጋው ተነጥፏል።

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ፤ ያሳደጉት ሁሉ በእርጅናዎ ይጡርዎ፤ ጥላዎ ከላያችን አይነሣ። ይህን ሲያነቡ እሱ ደጅ ቆሞ ይሆናል። ግባ ይበሉት፤ ካላሉት አይገባም።

ልጅዎ፣
ከአንኮበር