እንሽላሊቷ ያመጣችው መርዶ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? የልጅህ ሳል ተሻለው ወይ? ከሁሉ በፊት ግን ያ ድንጋጤ ለቀቀህ? እኛ ሁላችንም፣ አባባም ጭምር፣ ደህና ነን። አባባ በሕይወት አሉ፤ በስልክ የነገርኩህ እውነት ነው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ፣ ከዚያ ወዲህም አታነሳም። አልፈርድብህም። እንዴት እንደሆነ ግን ልንገርህ።

አባባ ልብስ መስፋቱን ከተዉ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጓሮ ወንበር አውጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ግድግዳው ተሰነጣጥቆ የእንሽላሊት ሰፈር ሆኗል። ባለፈው ማክሰኞ ቲማቲም ልለቅም ስወጣ አንዲት እንሽላሊት ከሸሚዛቸው ኮሌታ ብቅ አለች። አንገታቸውን ይዛ ወደ አገጫቸው፣ ከዚያ ወደ ጉንጫቸው ወጣች። እሳቸው ንቅንቅ የለም። ዐይናቸው ተከድኗል፣ አፋቸው ገርበብ ብሏል። አባባ እኮ ናቸው፤ ክር ስናወሳስብባቸው በሜትሩ እንጨት ጣታችንን የሚሉን፣ ዝንብ ስታርፍባቸው ቤቱን የሚያምሱት አባባ። እንሽላሊት ፊቱ ላይ እየሄደች ዝም የሚል ሰው ምን ሆኖ ነው? ቅርጫቱን ጥዬ ጩኸቴን አቀለጥኩት።

ጎረቤታችንን «ሬዲዮ»ን ታውቃታለህ፣ ወሬ አፏ ውስጥ አያድርም። ገብታ እንኳ ሳታይ ከአጥሩ ማዶ ሆና ነው አባትህ ሞቱ ብላ የደወለችልህ። ሰፈሩ እያለቀሰ ጓሮውን ሲሞላው አባባ ዐይናቸውን ሳይገልጡ፣ በከንፈራቸው ዳር፣ ዝም በሉ ታስደነግጧታላችሁ አሉ። ለቀስተኛው ሁሉ በቆመበት ደረቀ። አንዷማ ቲማቲሙ ላይ ዝርግት አለች። ለካ ስንት ጊዜ ሳይነቃነቁ እየተቀመጡ አላምደዋት ኖሯል። ለእኛ ያልነበራቸው ትዕግሥት ከየት መጣ? ይገርመኛል፣ ትንሽም ያናድደኛል።

ሰው ሲበተን ጠጋ አሉኝና፣ ሲሰማ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ። ስምህን አልጠሩም፤ ስፌቱን አልማርም ብለህ ከሄድክ ጀምሮ ጠርተውት አያውቁም። «ሬዲዮ» ስትደውልልህ እንደ ሕፃን እንዳለቀስክ፣ እኔ አልሞቱም ብዬ ስደውል ደግሞ አውቶቡስ ጣቢያ እንደነበርክ፣ ከጀርባህ የረዳቶቹ ጥሪ ይሰማ እንደነበር ነገርኳቸው። ኮሌታቸውን አስተካከሉ። ከዚያ፣ ታዲያ አንቺ ለመንገር ምን አስቸኮለሽ፣ እስኪደርስ ብትጠብቂ ምን ነበረበት አሉኝ።

መልሱን አንተው ይዘህላቸው ና።

ባለቤትህን ጉንጯን ሳምልኝ። ለልጅህ ከአክስቱ ናፍቆት አድርስልኝ። ታናሻችን እጅ ይነሳል። አባባ ሰላም በይው አላሉም። ይህን ስጽፍ ግን ሁለት ጊዜ ብቅ ብለው ጨረስሽ ወይ ብለውኛል።

እህትህ
ከአባባ ቤት፣ ከጓሮው በር
ሚያዝያ ፲፬ ቀን